ድጋፍ የሚያስፈልገው ሰው

በሁለቱ እህትማማቾች ቤት ጠብ በማንኛውም ነገር ሊጀመር ይችላል፤ የሚያልቀው ግን ሁልጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በሩ ሳይቆለፍ ተረሳ፣ ሾርባው ጨው በዛበት፣ መብራቱ እየበራ አደረ፤ ቃል ቃልን ይስብና ታላቅየዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ሰው እንዲያው በከንቱ ከክፍል አይባረርም!» ትላለች። ከዚያ በኋላ ታናሽየዋ ሳህኗን አንስታ ወደ ማጠቢያው ትሄዳለች።

ታናሽየዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ናት። ሥራዋ በሥሯ ያሉትን ትምህርት ቤቶች መዞር፣ መምህራን ሲያስተምሩ ከኋላ ተቀምጦ ማየት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ቤተ ሙከራውን መፈተሽ፣ የጎደለውን መናገርና የሚሞላበትን መንገድ ማሳየት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ «ክትትልና ድጋፍ» ይባላል። ትምህርት ቤቶች ከሁለቱ የሚፈሩት ክትትሉን ነው። ድጋፉን የፈራ ሰው እስከዚያ ድረስ አልታየም ነበር።

ርዕሰ መምህራን እሷ ስትመጣ ክራቫታቸውን ያስተካክላሉ፤ ዘበኞች ከወንበራቸው ይነሳሉ። ይህ ሁሉ ክብር ግን ከቤቷ ደጃፍ አያልፍም። ታላቅ እህቷ የምታውቀው ያችኑ ድሮ ከክፍል የተባረረችውን ልጅ ነው።

ነገሩ የሆነው ገና ልጅ እግር የባዮሎጂ መምህርት ሳለች ነው። በአካባቢው ማንም በወረቀት ያላሰፈረው፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው አንድ ልማድ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ በየግላቸው የረባ ቤተ ሙከራ ስላልነበራቸው፣ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ማይክሮስኮፖቹ፣ ሚዛኖቹ፣ የሙከራ ቱቦዎቹ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁመተ ረጅሙ የፕላስቲክ አፅም በአንዲት ፒክአፕ ተጭነው ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ይዞራሉ። አፅሙ አንሶላ ተከናንቦ በፒክአፗ ጀርባ ተጋድሞ ሲያልፍ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ባርኔጣውን ያወልቅለታል። መምህራኑ «ተዘዋዋሪው» ይሉታል። «እኛ ዝውውር ጠይቀን ፀጉራችን ሸበተ፤ እሱ ሞቶም ይዛወራል» እያሉ ይስቃሉ። ተቆጣጣሪዎቹም ትናንት ራሳቸው ርዕሰ መምህራን የነበሩ ናቸውና፣ ባለፈው ሳምንት ሌላ ቦታ ያዩትን አፅም ሲያገኙት ትከሻውን እንደ አሮጌ ባልንጀራ መታ አድርገው ያልፋሉ።

አንድ ቀን ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ፣ ወሬ ለመሙላት ያህል፣ ወጣቷን መምህርት፣ «ተማሪዎቹ ከዚህ ሞዴል ጋር እንዴት ናቸው?» አላት።

«እንደኔው ዛሬ ጠዋት ነው የተዋወቁት» አለች።

ተቆጣጣሪዎቹ ሳቁ። ርዕሰ መምህሩም ሳቀ፤ የሱ ሳቅ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በማግስቱ መምህራኑን ሰበሰበና፣ «ከቤተ ሙከራ የጎደሉ ዕቃዎች አሉ። ነገሩ እስኪጣራ ድረስ እህታችን ከክፍል አረፍ ትበልና ዕቃ ክፍሉን ትያዝልን» አለ። ሌባ አላለም። ወሰደች አላለም። እስኪጣራ አለ። ክስ ቢሆን መልስ ይሰጡታል፤ ፍርድ ቢሆን ይግባኝ ይሉበታል፤ «እስኪጣራ» ግን ሰውን ከነስሙ አንጠልጥሎ የሚተው ገመድ ነው። ማንም አላጣራም። ደግሞስ ምኑ ይጣራል? ዕቃው የጎደለው ድሮም ስላልነበረ ነው።

ዕቃ ክፍሉ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች የሚከመሩበት ጠባብ ቤት ነበር። እዚያ መካከል በአንዲት ደህና ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሌላ ሰው የሷን ትምህርት ሲያስተምር ትሰማለች። ተማሪዎች «የወንበሮች እናት» የሚል ስም አወጡላት። በመስኮቱ ሲያልፉ፣ «እናታችን፣ ልጆችሽ እንዴት አደሩ?» ይሏታል።

ያኔ እናታቸው በሕይወት ነበረች። አንድ ምሽት ልብስ እያጣጠፉ ሳለ፣ «ልጄ፣ ምን ነክተሽ ነው?» አለቻት።

«ምንም።»

«ምንም ያልነካ ሰውማ...» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ሞተች። ታላቅየዋ ጨረሰችላት።

ዓመታት አለፉ። በማታ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪዋን ያዘች፤ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራ እንደገና ጠመኔ ጨበጠች፤ ኋላም ተወዳድራ ሱፐርቫይዘር ሆነች። የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ትሑት፣ ታጋሽ፣ ሥራ ወዳድ ይሏታል። እውነታቸውን ነው። ቂም ያለበት ሰው ትዕግሥት አያንሰውም፤ ተስፋ ያለው ሰው ነው የሚቸኩለው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ተረቱ ሳይናገር ያለፈው ነገር አለ፤ የወጋው መርሳቱን ማየት ሁለተኛ መወጋት ነው። ያ የድሮው ትምህርት ቤት በሷ ሥር ተመድቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢውን ስትረግጥ፣ ርዕሰ መምህሩ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት፤ ሸብቷል፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ቦታውን ግን አለቀቀም።

«እንኳን ደህና መጡ! ከዚህ ቀደም እንተዋወቃለን እንዴ?» አላት። ትንሽ አያትና ፊቱ በራ። «አንቺ ነሽ እንዴ! እዚህ ነበርሽ እኮ! ዕቃ ክፍል አልነበርሽም?» ወደ ምክትሉ ዞሮም፣ «ይህች የምታያት የኛ ፍሬ ናት፤ እኛ ነን ያሳደግናት» አለ።

እሷም ፈገግ አለች። «እውነት ነው ጋሼ፤ እዚህ ነው ያደግኩት።»

ብዙም ሳትቆይ ወሬውን ሰማች። ርዕሰ መምህሩ ወደ ላይኛው ቢሮ ሊወጣ ነው፤ የክትትልና ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ሊሆን ነው። የሷም የአለቃዋም አለቃ ማለት ነው። የቀረው ትምህርት ቤቱ የዘንድሮውን ግምገማ በደህና ማለፉ ብቻ ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶብሷ አልፋት ሄደች፤ እጇን ማንሳት ረስታ ነበር።

ግምገማው የሚካሄደው እንደ ልማዱ በየቀኑ አንድ ትምህርት ቤት እየታየ ነው። ይህ አካሄድ ለማንም ሳይሆን ለፒክአፗ የተሠራ መሆኑን ከሷ በቀር ልብ ያለው አልነበረም። እሷ ቡድኗን ለሁለት ከፈለችና ለዚህም ለጎረቤቱም ትምህርት ቤት፣ «ነገ ጠዋት እንመጣለን» የሚል መልእክት ላከች። ዕቃዎቹ በዚያ ሰሞን ጎረቤት ነበሩ። ከሰዓቱን ሙሉ ርዕሰ መምህሩ ስልክ ላይ ነበር አሉ፤ ሲለምን፣ ሲያስፈራራ፣ እንደገና ሲለምን። የጎረቤቱ መልስ ግን አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ ለኔም ነገ ናቸው!»

ጠዋት ቤተ ሙከራው ሲከፈት መደርደሪያዎቹ ታጥበው ያብረቀርቃሉ፤ ላያቸው ላይ ግን ምንም የለም። አንድ ሰው ነገሩ ከፍቶት ይሆናል፣ በውኃ ብርጭቆ አበባ አስቀምጧል።

«ዕቃዎቹ ለጥገና ወጥተው ነው» አለ ርዕሰ መምህሩ።

«አፅሙም?»

«እ?»

«አፅሙም ታሞ ነው?»

ከኋላ የቆሙት መምህራን ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። እሱ ግን አሁን ትኩር ብሎ አያት፤ ያች የድሮ ቀልድ ከሩቅ መጥታ ጆሮው ውስጥ ስትገባ ከፊቱ ላይ ታየ። አስታወሰ። የዚያን ዕለት ምሳዋን እያጣጣመች በላች።

አለቃዋ ውጤቱን ሲያይ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። «በቃ፣ ይነሳ! አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍሎችም ይዘጉ።»

ለቅጽበት ያንኑ ተመኘች። ከዚያ አሰበችው። ቢነሳ ምን ይሆናል? የስንብት ግብዣ ይደረግለታል፤ ቀናተኞች ጣሉኝ እያለ በየሄደበት ያወራል፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጋዜጣውን ያነባል። ተማሪዎቹ ደግሞ ሩቅ ትምህርት ቤት ፍለጋ በአውቶብስ ሲንገላቱ ይውላሉ። ቅጣቱ ላልበደለ ይደርሳል፤ የበደለው ያርፋል። ደንቡን ታውቀዋለች፦ የማሻሻያ ዕቅድ የተሰጠው ርዕሰ መምህር፣ ሱፐርቫይዘሩ ተራ በተራ አይቶ ተሟልቷል እስኪል ድረስ አይዛወርም፣ አያድግም።

«አይነሳ፤ ክፍሎቹም አይዘጉ» አለች። «ይደገፍ። እኔ ራሴ እደግፈዋለሁ።»

አለቃዋ መነጽሩን አወለቀ። «እንዲህ ደግ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

«እኔም» አለች።

ደገፈችው። ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ አስገባችና ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ስልክ ሲያነሳ ቀና ትላለች፤ ሲዘጋ፣ «ጋሼ፣ የምረዳዎት ነገር አለ?» ትላለች። ቤተ ሙከራው በውሰት ሳይሆን በራሱ ዕቃ እንዲሞላ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት፣ ከለጋሽ ለጋሽ ይዛው ዞረች፤ እሱ ሲለምን እሷ ከጎኑ ቆማ አንገቷን በመነቅነቅ ታግዘዋለች። ከዕቅዱ ዋናውን ያስገባችው ግን መጨረሻ ላይ ነው፦ ርዕሰ መምህሩ ራሱ ክፍል ይዞ ያስተምር። ይህ ድሮም በመመሪያው አለ፤ የሚፈጽመው አልነበረም እንጂ። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ ሰጠችው።

ለብዙ ዓመት ከማይክሮፎን በቀር ምንም ያልጨበጠ እጅ ጠመኔ ሲይዝ ይሰብረዋል። እሷ ከኋላ ተቀምጣ ታያለች። ከደወል በኋላ በመምህራን ክፍል፣ ሌሎቹ ሻይ በሚጠጡበት ሰዓት፣ በለሰለሰ ድምፅ አስተያየት ትሰጠዋለች።

«ጋሼ፣ ድምፅዎ በጣም ጥሩ ነው። የተሳሳተው ትምህርቱ ብቻ ነው።»

«ምኑ ጋ?»

«ደሙን ልብ ውስጥ አስገቡት፤ ማስወጣቱን ግን ረሱት። ልጆቹ ተጨንቀው ነው የወጡት።»

አንድ መምህር ሻዩ ትን አለው።

አሞኛል ብሎ የቀረ ዕለት ብርቱካንና የነገውን የትምህርት ዕቅድ ይዛ ቤቱ ሄደች። ሚስቱ፣ «እንዲህ የምታስብልህ ሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ አለችህ?» ብላ መርቃት ሸኘቻት። እሱ ከብርድ ልብሱ ሥር አልወጣም።

ይህን ሁሉ ማታ ማታ ለታላቅ እህቷ ትነግራታለች። «አንቺ ልጅ፣» ትላለች ታላቅየዋ፣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው። ወይ ተይው፣ ወይ ግደይው።»

«እየደገፍኩት ነው እትዬ።»

«ግንብም ሲደገፍ እንዲህ አይደረግም!»

አንድ ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሩ የቢሮውን በር ዘጋና ቁጭ አለ። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ለወራት ሲላት የቆየው «እርስዎ» ከአፉ ወደቀ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው?»

«ዕቅዱ እንዲሟላ።»

«ተይ እንጂ! ስለ ዕቃ ክፍሉ አይደል?»

የያዘችውን እርሳስ አስቀመጠች።

«ሳቁብኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ተቆጣጣሪዎቹ እኮ ባንቺ አልነበረም የሳቁት፤ በኔ ነው። ያን ሳቅ አልችለውም ነበር። ካጠፋሁ በስብሰባ ልናገር፤ መምህራኑን ልጥራ?»

«የዛሬዎቹ መምህራን ምን ያደርግላቸዋል? ያኔ እዚህ አልነበሩም» አለች። «እህት አለችኝ።»

ቅዳሜ መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ እንደ ሽማግሌ ተላኪ በሩን አንኳኳ። ታላቅየዋ ማን መሆኑን ስትሰማ ተቀመጥ ሳትለው እጇን አጣጥፋ ቆመች። ሶፋው ባዶ ነበር፤ እሱም ሶፋውን አየ፤ ሳይቀመጥ ተናገረ።

«እህትዎ ምንም አልወሰደችም። የሚወሰድም አልነበረም። ተቆጣጣሪ ፊት እውነት ስለተናገረች ተናድጄ ነው ከክፍል ያስወጣኋት።»

ታላቅየዋ አንድ ጊዜ ወደ ታናሿ፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰውየው አየች።

«እናታችን የት እንዳለች ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«መቃብሯን አሳይዎታለሁ። ሄደው ለሷም ይንገሯት።»

አንገቱን ደፋ። ታናሽየዋ እስከ ውጭው በር ሸኘችው። እዚያ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ... የቀረው ያንቺ ማረጋገጫ ነው» አላት። እሷ መንገዱን፣ የሚያልፉትን ሰዎች ታይ ነበር። በቢሮ ዝምታ ስምምነት ነው፤ እሱም እንደ ስምምነት ይዞት ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታላቅየዋ ሌላ ሰው ሆነች። በደረጃው ላይ፣ በሱቁ ደጃፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ እየያዘች፣ «እህቴ እኮ ያኔ ከክፍል የወጣችው እውነት ተናግራ ነው! ሰውየው ራሱ መጥቶ ተናገረ!» ትላለች። ጠብ ቢነሳም እንደ ድሮው አያልቅም፤ እጇ ወገቧ ላይ እንደሆነ ቃሏ ይጠፋባትና፣ «ብቻ ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ብላ ትቀመጣለች። ታናሽየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳህኗን ሳታነሳ ማዕድ ላይ ቆየች።

ቂም የሚባለው እንግዳ ግን ጠግቦ የሚሄድ ዓይነት አይደለም፤ ሲጎርስ ይበልጥ ይርበዋል። ቤተ ሙከራው ሞልቷል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፍቷል፤ ከዕቅዱ የቀረው የርዕሰ መምህሩ የክፍል ምልከታ ብቻ ነው። «በጣም ጥሩ» ከሰጠችው ይወጣል፤ በላይዋ ይቀመጣል።

ለመጨረሻው ምልከታ ከኋላ ተቀመጠች። ሰውየው እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ተማሪዎቹን የእጅ አንጓቸውን አስይዞ የልብ ምታቸውን አስቆጠራቸው፤ ባሉበት አስዘለላቸውና እንደገና አስቆጠራቸው። ክፍሉ በሳቅና በትንፋሽ ሞላ። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠች ተማሪ እጇን አነሳች።

«እንቅልፍ ሲወስደንስ? ማን ነው የሚመታልን?»

ጠመኔውን አስቀምጦ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተደገፈ። «ግማሹን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን አላውቀውም» አለ። «የማውቀውን ዛሬ እነግርሻለሁ። የቀረውን አንቺም እኔም ፈልገን እንምጣ።»

ጥሩ ትምህርት ነበር። ጥሩ መሆኑን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። እሷ ራሷ እንዲህ ነበር የምታስተምረው፤ ከነዚያ ወንበሮች መካከል በግድግዳው አሻግራ እየሰማች፣ እኔ ብሆን እንዲህ እላቸው ነበር ስትል የኖረችው ይህንኑ ነው። ሰውየው ጽድቅ የሚሠራ መሰለው፤ እሷን ግን ትምህርቷን እንደገና እየቀማት ነበር፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ በራሷ እርዳታ። «ድጋፍ ያስፈልገዋል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ወረቀቱን ሰጠችው። አንብቦ ደጋግሞ አየው።

«ትምህርቱ ጥሩ እንደነበር ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«እስኪሻሻል ነው ጋሼ።»

ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ተዘጋጅታለትም ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና አንገቱን ነቀነቀ። «እኔም አንቺን ከክፍል ያስወጣሁሽ ቀን ልክ እንዲህ ነበር የቀለለኝ» አለ።

«ነገ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነዎት» አለችው። «እንዳይዘገዩ።»

ወደ ቤት ስትሄድ አየሩ ደስ ይል ነበር። ታላቅየዋ ማዕዱን አቅርባ ትጠብቃለች፤ ፊቷን አይታ፣ «ምነው ዛሬ ፈካሽ?» አለቻት።

«ሰውየው አስተማረ።»

«እንዴት አስተማረ?»

ልትዋሽ ትችል ነበር። ለታላቅ እህቷ ግን ዋሽታ አታውቅም። «ጎበዝ ወጥቶታል። የኔን ያህል።»

«እሰይ! ፈረምሽለት ማለት ነዋ!»

«አልፈረምኩለትም። አይችልም ብዬ ሞላሁት።»

ታላቅየዋ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ከታች በደረጃው ላይ የጎረቤቶች ድምፅ ይሰማል፤ ከነሱ አንዷ በጠዋቱ «እንደ እህትሽ ያለ ሰው ነበር የሚያስፈልገን» ብላ አድንቃላት ነበር።

«ለነዚህ ሰዎች አሁን እኔ ምን ልበላቸው?»

ታናሽየዋ ዳቦዋን ቆረሰች፤ ርቧት ነበር።

«ያችን የድሮ ዓረፍተ ነገርሽን በያቸው።»